መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱን የማይረሳ ታይመር

ለወረታና ለፎገራ ቤተሰቦች የቤት መብራት ታይመር አመራረጥ

የመግሪብ አዛን ሊሰማ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው በወረታ ከተማ የብዙ ቤተሰብ ቤት ጥድፊያ ይበዛበታል። አባት ውዱእ አድርጎ ወደ መስጂድ ይገሰግሳል። እናት የጣደችውን ወጥ ታማስላለች። ልጆች ከጨዋታ ይሰበሰባሉ። የደጁን አምፖል የማብራቱ ነገር ግን ለማንም ተለይቶ የተሰጠ ሥራ አይደለምና አንዳንድ ቀን ይረሳል፤ አያት ወደ ሽንት ቤት ሲወጡ በጨለማ ይደናቀፋሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ይበራና የሚያጠፋው ሰው ይታጣል፤ በማግስቱ ረፋድ ላይ አምፖሉ ከፀሐይ ጋር ሲፎካከር ይገኛል።

ለዚህ ችግር የተሠራ አንድ ትንሽ ዕቃ አለ። በተለምዶ «ታይመር» ይባላል። የታዘዘውን ሰዓት ጠብቆ መብራቱን ያበራል፤ የታዘዘውን ሰዓት ጠብቆ ያጠፋል። ሶኬት ላይ የሚሰካ አለ፤ በማብሪያ ማጥፊያው ቦታ ግድግዳ ውስጥ የሚገባ አለ፤ ከቆጣሪው አጠገብ በብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚታሰርም አለ። ብዙዎች የሚገዙት ግን ማሸጊያውንና ዋጋውን አይተው ነው። ከወር በኋላ ታይመሩ በጠራራ ፀሐይ ሲያበራ፣ በጨለማ ሲያጠፋ ይገኛል። በመጨረሻም ከሶኬቱ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ይጣላል።

ውድ አንባቢያን! በዚህ ጽሑፋችን አንድ ታይመር በእኛ አካባቢ ሊታመን የሚችለው ምን ምን ሲያሟላ እንደሆነ እንመለከታለን። ነገሩን ከወዲሁ በአጭሩ ለመናገር ያህል፣ መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ከተማ የታይመር ቁም ነገሩ አንድ ነው፤ እርሱም መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰዓቱን ማስታወሱ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሰዓቱን የሚቆጥረው ማን ነው?

ታይመር ስንገዛ የምንገዛው ሰዓት ነው። ስለዚህ አስቀድመን ሰዓቱ በምን እንደሚሠራ ማወቅ ይገባናል።

የመጀመሪያውና ርካሹ ባለ መዘውሩ ነው። ክብ ገጽ አለው፤ በዙሪያው ትናንሽ ጥርሶች ተደርድረውበታል። ብዙውን ጊዜ አንዱ ጥርስ 15 ደቂቃን ስለሚወክል 96 ጥርሶች የቀኑንና የሌሊቱን 24 ሰዓት ይሞላሉ። መዘውሩን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር ኃይሉን የሚያገኘው ከሶኬቱ ነው። መብራት ሲሄድ ሞተሩ ይቆማል፤ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ መብራት ለ3 ሰዓት ጠፍቶ ከተመለሰ ታይመሩ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እንዲያበራ የታዘዘው 3 ሰዓት ተኩል ላይ ያበራል፤ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ማጥፋት የነበረበት 8 ሰዓት ላይ ያጠፋል። መብራት በሄደ ቁጥር ጉድለቱ እየተደመረ ስለሚሄድ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቀንና ሌሊቱ ይቀላቀልበታል። መብራት በማይሄድበት አገር ይህ ዓይነቱ ታይመር ለዓመታት በሰላም ያገለግላል። በእኛ ዘንድ ግን በየጊዜው በእጅ የሚያስተካክለው ሰው ከሌለ አይታመንም።

ሁለተኛው ኤሌክትሮኒክ ወይም ዲጂታል የሚባለው ነው። በውስጡ ያለው ሰዓት የእጅ ሰዓቶቻችን የሚሠሩበት ኳርትዝ ነው፤ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ እየተርገበገበ ጊዜን ይቆጥራል። ደህና የተሠራው በወር ውስጥ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይሳሳትም። መብራት ሲሄድ ይህን ሰዓት የሚያቆየው በውስጡ ያለች ትንሽ ባትሪ ናት። እንግዲህ የዲጂታል ታይመር ታማኝነት በዚች ባትሪ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሦስተኛው ሰዓት የሌለው፣ ብርሃንን የሚለይ ዓይን ያለው ማብሪያ ነው። ሲመሽ ያበራል፤ ሲነጋ ያጠፋል። የሚረሳው ሰዓት ስለሌለው የመብራት መሄድና መምጣት አያደናግረውም። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ የደጅ መብራት ለሚፈልግ ቤት ከሁሉም የማያስቸግር እርሱ ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ይጥፋ ቢሉት ግን አይሰማም። ደግሞም ዓይኑ የራሱን አምፖል ብርሃን እንዳያይ ተደርጎ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ሲያበራ ነጋ፣ ሲያጠፋ መሸ እያለ ሲበራና ሲጠፋ ያመሻል።

አራተኛው በስልክ የሚታዘዝ፣ በዋይፋይ የሚሠራው ነው። ይህኛው ሰዓቱን የሚያገኘው ከኢንተርኔት ነው። ብዙዎቹ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኢንተርኔት እስኪያገኙ ድረስ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቁም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው የደጁን መብራት በኢንተርኔት ላይ ከማንጠልጠሉ በፊት ደጋግሞ ያስባል።

መብራት ሲሄድ የሚሆኑት ሦስት ነገሮች

የወረታ ሰው ከጣና ሐይቅ የማይርቅ ሰው ነው። ከጣና የሚወጣው የዓባይ ውሃ በጢስ ዓባይ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ ኖሯል፤ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያም በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። ታላቁ የህዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁንና የኃይል መኖር አንድ ነገር ነው፤ ኃይሉ በምሰሶና በሽቦ ተጉዞ ሳይቋረጥ ቤት መድረሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የክረምት ነፋስ፣ መብረቅ፣ የዘመመ ምሰሶና የትራንስፎርመር መቃጠል መስመሩን ያቋርጡታል። ስለዚህ ታይመር ስንመርጥ መብራት ይሄዳል ብለን እንጂ አይሄድም ብለን አንመርጥም።

መብራት ሲሄድ በዲጂታል ታይመር ላይ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይደርሳል። አንደኛው ሁሉንም ይረሳል፤ ሰዓቱንም ያዘዙትንም። ይህ ቢያንስ ግልጽ ነው፤ ሥራ ማቆሙ ወዲያውኑ ይታወቃል። ሁለተኛው ያዘዙትን ያስታውሳል፤ ሰዓቱን ግን ይረሳና መብራት ሲመለስ ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ከሁሉም አሳሳቹ ነው። ለምሳሌ መብራት የተመለሰው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው እንበል። ታይመሩ ግን እኩለ ሌሊት ነው ብሎ መቁጠር ይጀምራል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እንዲያበራ የታዘዘው በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ያበራል ማለት ነው። ሦስተኛው ሁለቱንም ያስታውሳል። መፈለግ ያለብን ይህንኑ ነው።

ይህ መረጃ በማሸጊያው ወይም በመመሪያው ወረቀት ላይ «ፓወር ሪዘርቭ» ወይም «ባተሪ ባክአፕ» በሚል ርእስ በሰዓት፣ በቀን ወይም በዓመት ተጽፎ ይገኛል። አንዱ 100 ሰዓት ሲል ሌላው 60 ቀን፣ ሌላው ደግሞ 3 ዓመት ይላል። ስለዚህ ጉዳይ ምንም የማይል ማሸጊያ ያጠራጥራል። ባትሪው ተቀያሪ ከሆነ፣ ማለትም እንደ ሳንቲም ክብ የሆነውና ሽፋኑ ተከፍቶ የሚለወጠው ከሆነ፣ ይመረጣል። ከውስጥ ተበይዶ የገባው ባትሪ ዓመታት ሲቆጠሩ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ታይመሩ በመልኩ ደህና ሆኖ ይታያል እንጂ መብራት በሄደ ቁጥር ይረሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ረጅም ጊዜ የቆየ ታይመር ገጹ ባዶ ሆኖ ቢገኝ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ከውስጥ ያለው ባትሪ ቻርጁን ጨርሶ ይሆናል። ለአንድ ሌሊት ያህል ሶኬት ላይ ይሰካ፤ ከዚያም በመርፌ ወይም በብዕር ጫፍ የምትነካዋን «ሪሴት» የተባለች ትንሽ ቀዳዳ ተጭነው እንደ አዲስ ያስጀምሩት።

ከሳዑዲ የመጣው ዕቃ

ከሐጅና ከዑምራ የሚመለሱ፣ በሥራ ምክንያትም በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ለቤተሰብ ከሚያመጧቸው ዕቃዎች መካከል የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥቂት አይደለም። ስጦታውን አላህ ይቀበላቸው። ሆኖም ታይመር ከሆነ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ።

በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ደግሞ ድግግሞሹ 60 ኸርዝ ነው። ባለ መዘውሩ ታይመር ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚህ ድግግሞሽ ስለሆነ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራው እኛ ዘንድ ሲሰካ በዝግታ ይዞራል። በ24 ሰዓት ውስጥ የሚቆጥረው 20 ሰዓት ብቻ ነው። መብራት ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ባይጠፋ በየቀኑ 4 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው። ብዙ ሰው «ተበላሽቶ መጣ» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። ዕቃው ግን አልተበላሸም፤ አገሩ ተለወጠበት እንጂ።

ከዚህም ሌላ በሳዑዲ ለረጅም ዘመን 127 ቮልት በየቤቱ ሲሠራበት ኖሯል። ለእርሱ ብቻ የተሠራ ዕቃ በእኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። ስለዚህ በጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አይሰኩ። ከ220 እስከ 240 ቮልት የሚል፣ ድግግሞሹም 50 ወይም 50/60 ኸርዝ የሚል መሆን አለበት። የባሕረ ሰላጤው ሌሎች አገሮች፣ ለምሳሌ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ ኩዌትና ቀጠር፣ እንደ እኛ 50 ኸርዝ ስለሚጠቀሙ ከእነርሱ የሚመጣው በዚህ በኩል አያስቸግርም። ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለውን መሰኪያ ግን በአዳፕተር እንጂ በግድ ሶኬት ውስጥ መጠቅጠቅ አይገባም። ልል የሆነ መሰኪያ ይግላል፤ የጋለ መሰኪያም እሳት ይጠራል።

ምሽት 1 ሰዓት ለታይመሩ ስንት ነው?

ብዙ ታይመር ያለ ጥፋቱ የሚወቀሰው በሰዓት አቆጣጠር ምክንያት ነው። ታይመሩ የሚያውቀው ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። እኛ ደግሞ የምንቆጥረው ከንጋትና ከምሽት ጀምረን ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እንዲያበራ ፈልገው 1:00 ብለው የሞሉት ታይመር የሚያበራው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የቀን ሰዓት ከሆነ 6 ይደምሩ፤ ከቀኑ 4 ሰዓት 10:00 ይሆናል። የምሽትና የሌሊት ሰዓት ከሆነ 18 ይደምሩ፤ ከ24 ካለፈ 24 ይቀንሱ። ከምሽቱ 1 ሰዓት 19:00 ይሆናል። ከሌሊቱ 5 ሰዓት 23:00 ይሆናል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት 24 ስለሚመጣ 00:00 ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደግሞ 28 ይመጣል፤ 24 ሲቀነስ 04:00 ነው። የማታው 12 ሰዓት 18:00፣ የንጋቱ 12 ሰዓት 06:00 መሆኑን ያስተውሉ።

የቤቱ ልጅ ይህን ሒሳብ በደብተሩ ወረቀት ላይ ጽፎ ታይመሩ አጠገብ ቢለጥፈው ለሁሉም ይጠቅማል። ከእኩለ ሌሊት የሚያልፍ ትእዛዝ ሲሰጥም ቀኑን ማስተዋል ያሻል። ለታይመሩ ከ00:00 በኋላ ያለው ጊዜ ሌላ ቀን ነው። የሐሙስ ማታ መብራት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲጠፋ ከተፈለገ ማጥፊያው የሚታዘዘው በዓርብ ስም ነው።

የፎገራ ፀሐይ በየወሩ አንድ አይደለችም

«እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀንና ሌሊታችን እኩል ነው» ሲባል እንሰማለን። ይህ ለግምት ያህል እንጂ ለታይመር አይበቃም። ወረታ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ያህል ላይ ትገኛለች። በዚህ ስፍራ የሰኔው ረጅም ቀን ከታኅሣሡ አጭር ቀን በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማና ከዚያም በላይ ይረዝማል። ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓትም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

በግምት ሲታይ ፀሐይ በወረታ የምትጠልቀው በመስከረም አጋማሽ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ላይ ነው። በኅዳር የመጀመሪያ ሳምንታት ወደ 12 ሰዓት ትጠጋለች። በታኅሣሥ አጋማሽ 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አለፍ ብሎ፣ በመጋቢት አጋማሽ 12 ሰዓት ከ40 ገደማ፣ በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ለ1 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ትጠልቃለች። በሰኔ የተሞላ ታይመር በኅዳር ሳይነካ ቢቆይ ደጁ ለአንድ ሰዓት ያህል በጨለማ ይቆያል ማለት ነው። አንድ ሰዓት ልጅ ከቁርኣን ትምህርት ቤት የሚመለስበት፣ ከብት የሚገባበት፣ ሌባም የሚያደባበት ጊዜ ነው።

መፍትሔው በዓመት አራት ጊዜ፣ በመስከረም፣ በታኅሣሥ፣ በመጋቢትና በሰኔ፣ ሰዓቱን ማስተካከል ነው። ይህን ራሱ የሚሠራ ዘመናዊ ታይመርም አለ። የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ከነገሩት የእያንዳንዱን ቀን የፀሐይ መግቢያና መውጫ ራሱ ያሰላል። ለወረታ ሰሜን 12፣ ምሥራቅ 38 ዲግሪ ቢሞሉ ስሕተቱ ከአንድና ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። የሰዓት ቀጠናው ፕላስ 3 ነው። ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሞላ። የአውሮፓ የበጋ ሰዓት ማስተካከያ ካለው ይዘጋ፤ አለዚያ ለዓመቱ ከግማሽ በላይ አንድ ሰዓት ያዛባል።

አምፖሉን ይሸከማል ወይ?

ታይመሩ ላይ 16 አምፔር ወይም 10 አምፔር የሚል ይጻፋል። 10 አምፔር በ220 ቮልት ሲባዛ 2,200 ዋት ነው። ገዢው ይህን አይቶ «200 አምፖል ይሸከማል» ብሎ ያስባል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ይህ ቁጥር የተጻፈው እንደ ድሮው ባለ ክር አምፖል ላለ ጭነት ነው። የዛሬው ኤልኢዲ አምፖል ሲበራ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ከወትሮው በብዙ እጥፍ የበለጠ ኃይል ይስባል። ብዙ አምፖል በአንድነት ሲበራ ይህ ድንገተኛ ፍሰት በታይመሩ ውስጥ ያሉትን የብረት ከንፈሮች ያጣብቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ታይመሩ «አጠፋሁ» ቢልም አምፖሉ አይጠፋም። ጥሩ አምራች ለኤልኢዲ የተለየ የዋት መጠን ይጽፋል። ያ ካልተጻፈ ከጥቂት አምፖል በላይ አያሸክሙት።

ሌላው ግድግዳ ውስጥ የሚገባውን የሚመለከት ነው። በብዙ ቤቶች በማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ውስጥ የሚገኘው የፌዝ ሽቦና ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ ብቻ ነው፤ ኒውትራል የለም። ያለ ኒውትራል የሚሠራ ታይመር ለራሱ የሚበቃውን ጥቂት ኃይል የሚያገኘው በአምፖሉ በኩል አሳልፎ ነው። ባለ ክር አምፖል ይህን አይሰማውም። ኤልኢዲ ግን ጠፍቶ ሳለ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ ወይም ብልጭ ድርግም ይላል። ስለዚህ ሳይገዙ በፊት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳጥኑን ከፍቶ ኒውትራል መኖሩን ይይልዎ። ሲያበራና ሲያጠፋ «ቀጭ» የሚል ድምፅ የሚያሰማው፣ ኒውትራል የሚገባለት ዓይነት ለኤልኢዲ ይሻላል። ገመዱን ለማሰር ዋናውን ብሬከር ሳያወርዱ እጅ ማስገባት ነፍስን ለአደጋ መስጠት ነው።

ምጣድና የውሃ ማሞቂያ በቤት ታይመር ላይ ፈጽሞ አይሰካም። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህም 16 አምፔር ማለት ነው። ካውያም ሰው በሌለበት የሚበራ ዕቃ አይደለም።

ለፎገራ የተለየ ጥንቃቄ

በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ብዙ ነው። ትልቅ ሞተር ሲነሣ በዚያው ትራንስፎርመር ላይ ያሉ ቤቶች አምፖል ለቅጽበት ይደበዝዛል፤ ሞተሩ ሲቆም ይመለሳል። ጠፍቶ የነበረ መብራት ሲመጣም ከወትሮው ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሰፋ ያለ ቮልት የሚችል ታይመር ይመረጣል።

ሜዳው እርጥብ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ውሃ ከቤት የሚገባበት ቀበሌ አለ፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ይህን አሳይቷል። ሶኬቱና ታይመሩ ከፍ ብለው ይቀመጡ። ከቤት ውጭ የሚውለው «አይፒ 44» ወይም ከዚያ በላይ የሚል ይሁን፤ ይህ ምልክት ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ እንደማይጎዳው የሚገልጽ ነው። «አይፒ 20» የሚለው ለቤት ውስጥ ብቻ ነው። ጉንዳንና ትንኝ የሚገባበት ቀዳዳ ካለ ይደፈን።

መብራቱ ነፍሳትን ይጠራል። የደጁ አምፖል ከበሩ አናት ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ ቢተከል፣ ብርሃኑም ከነጭ ይልቅ ወደ ቢጫ ያደላ ቢሆን ወደ ቤት የሚገባው ይቀንሳል። ይህ ሲባል ግን ፎገራ ወባ ያለበት ሜዳ ነውና አጎበርን የሚተካ ነገር የለም።

መስመር ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች በሶላር የምትጠቀሙ ወገኖችም ይህን ታሳቢ አድርጉ፤ የ220 ቮልት ታይመር በ12 ቮልት ባትሪ ላይ አይሠራም። ለ12 ቮልት የተሠራ ታይመር ለብቻው አለ።

ገንዘብ ይቆጥባል?

እውነቱን እንነጋገር። 60 ዋት ባለ ክር አምፖል ከምሽት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ቢበራ በወር 21.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። በ9 ዋት ኤልኢዲ ቢለወጥ ያው 12 ሰዓት 3.24 ብቻ ይሆናል። ከዚያ በታይመር ወደ 5 ሰዓት ቢወርድ 1.35 ይደርሳል። ነገር ግን ታይመሩ ራሱ 1 ዋት ያህል ቢወስድ በወር 0.72 ይበላል። እንግዲህ ትልቁን ቁጠባ የሚያመጣው አምፖሉን መለወጥ ነው። ለአንዲት ኤልኢዲ ሲባል ለቁጠባ ብቻ ታይመር መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

የታይመር ትክክለኛ ጥቅሙ ሌላ ነው። ለአዛውንትና ለሕፃን መንገድ ያበራል። ቤተሰብ ለዒድ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ ቤቱ ሰው ያለበት ያስመስላል። የተረሳ መብራትን ያጠፋል። ኢስራፍ የሚጀምረው ከትንሹ ነውና ይህም የሚናቅ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መኝታ ስንሄድ መብራት እንድናጠፋ ያዘዙት በዚያ ዘመን የነበረው ባለ ክር መብራት ቤት እንዳያቃጥል ጭምር ነበር። የእሳት ጥንቃቄ ዛሬም አልቀረም። ቤት ሲዘጋ ግን ለጎረቤት አደራ ማለት ከማንኛውም ታይመር ይበልጣል።

ረመዳንና ታይመር

በረመዳን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የማድ ቤቱ መብራት ራሱ ቢበራ ሱሑር ለምታዘጋጀው እናት እገዛ ነው። ነገር ግን ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደ ፊት ስለሚመጣ የአምናው ትእዛዝ ለዘንድሮ አይሆንም፤ በየዓመቱ እንደገና ይሞላ።

ከዚህ የከበደው ቀጥሎ ያለው ነው። ታይመር ሙአዚን አይደለም። የደጁ አምፖል በራ ተብሎ ጾም አይፈታም፤ የማድ ቤቱ አምፖል አልጠፋም ተብሎም ፈጅር ከገባ በኋላ አይበላም። ከላይ የሰጠናቸው የፀሐይ መጥለቂያ ሰዓቶች ለመብራት የሚበቁ ግምቶች ናቸው፤ ለሶላትና ለጾም ግን አዛኑና የየአካባቢው የሶላት ሰሌዳ ይጠበቅ። ልጆችም ይህን ከሕፃንነታቸው እንዲለዩ ቢነገራቸው መልካም ነው።

ሱቅ ሲገቡ፣ ቤት ሲደርሱ

ባለሱቁን አስቀድመው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «መብራት ሲሄድ ሰዓቱን ለስንት ጊዜ ይይዛል?» መልሱን በቃል ብቻ አይቀበሉ፤ በወረቀቱ ላይ ያሳይዎ። ቀጥሎ ቮልቱንና ኸርዙን፣ ለኤልኢዲ የሚሸከመውን ዋት፣ የአምራቹን ስምና የሞዴል ቁጥር ይመልከቱ። ለታይመሮች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ «አይኢሲ 60730» ይባላል፤ እርሱ የተጠቀሰበት ዕቃ ይሻላል። «ሲኢ» የሚለው ምልክት ብዙውን ጊዜ አምራቹ ራሱ የሚለጥፈው ስለሆነ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በሳምንት ውስጥ የመመለስ መብት ከባለሱቁ ጋር ተስማምተው ደረሰኝ ይያዙ።

ቤት ሲደርሱ የሁለት ሌሊት ፈተና ይስጡት። በመጀመሪያው ሌሊት ሰክተው ባትሪውን ይሙሉ። በማግስቱ ሰዓቱን ከስልክዎ ጋር አስተካክለው አንድ ማብሪያና አንድ ማጥፊያ ይዘዙ። ከዚያ ነቅለው እስከሚቀጥለው ቀን ድረስ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። መልሰው ሲሰኩት ሰዓቱ ከስልክዎ ጋር አንድ ከሆነ፣ ትእዛዙም ካልጠፋ፣ መብራት መኖር ባለበት ሰዓት ሲሰካም ራሱ ካበራ፣ ፈተናውን አልፏል። ለአንድ ሰዓት ያህል አምፖሉን አብርቶ ሳለም በእጅ ይዳሰስ፤ ለብ ማለቱ ያለ ነው፤ የሚፋጅ ከሆነ ግን ያለ ማመንታት ይመለስ። ይህን ፈተና በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት ቢደግሙት የባትሪውን መድከም አስቀድመው ያውቃሉ።

አላህ ቤታችንን ከእሳትና ከክፉ ነገር ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።